ስለ አልማዊት ዝምታ እና በገጽ 412 ላይ ስለተለጠፈው ወረቀት

ቦንጋ፣ መጋቢት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጣሰው
የንባብ ቤታችን ኃላፊ፣ የቅዳሜ ውይይት ሰብሳቢ እና የክፍተት ለይቶ ደፋኝ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ በሙሉ ድምፅ ከጸደቀ ውሳኔ ላይ አንድ ድምፅ እንዲቀነስ ስለመጠየቅ

የተከበሩ አቶ ጣሰው፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ፣ ባለፈው ቅዳሜ አራት ሰዓት ሙሉ ሳይቀመጡ የመሩት ስብሰባ ጉልበትዎን እንዳልጎዳው፣ ስለ ሁላችንም ሲናገር የዋለው ጉሮሮዎም ለሚቀጥለው ቅዳሜ አገግሞ እንዲቆይልን እመኛለሁ። የንባብ ቤቱ መስኮት ከተሰበረ ሁለት ክረምት ቢያልፈውም፣ ኃላፊያችን ግን ምንም ሳይጎድልባቸው በየሳምንቱ መገኘታቸው ለእኛ ለአንባቢዎቹ ትልቅ መጽናኛ ነው።

እኔ ዓባይነሽ እባላለሁ። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው መንገድ ዳር የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በንባብ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከበሩ በስተግራ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ድምፄን አንድም ቀን ስላልሰሙት ወንበሩ ባዶ መስሎዎት ከሆነ አልቀየምዎትም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ዘማቾቹ «ሀ»ን ከ«ፐ» አገናኝተውልኝ ሄዱ፣ የቀረውን መንገድ ብቻዬን ነው የተጓዝኩት። ስለዚህ በጽሑፌ ውስጥ ግድፈት ቢያገኙ በክፍተት መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሞልተው ለኮሚቴው እንዲያቀርቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ግልባጩ በሚለጠፍበት የንባብ ቤቱ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ይህን የሚያነብ፣ ግን የቅዳሜውን ነገር የማያውቅ ሰው እንዳይቸገር ጉዳዩን በአጭሩ ላስረዳ።

በንባብ ቤታችን «የዘንዶው ሰባት ክረምት» የሚባል ባለ አራት ቅጽ ልብ ወለድ አለ። ሰባት ክረምት ተኝቶ በስምንተኛው ስለሚነቃ ዘንዶ፣ እሱን ስለምትጠብቅ ንግሥትና በገደል ላይ ስለተሠራች ከተማ የሚተርክ ነው። ደራሲው አምስተኛውን ቅጽ ሳይጽፍ አርፏል ይባላል። መጻሕፍቱን ያመጣልን ነጋዴው ሉቅማን ነው፤ ከጅማ ዕቃ ሲጭን በሳሙና ካርቶን ውስጥ ተጠቅልለው አግኝቷቸው ነው። ከያንዳንዱ ቅጽ ያለን አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ በተራ እንዋሳለን። ቅጽ ሦስት የሚደርሰው በአራት ወር አንዴ ነው።

ደራሲው ሰው ነውና እዚህም እዚያም የማይገጥም ነገር ትቷል። እኛ «ቀዳዳ» እንለው ነበር። ቅዳሜ የምንሰበሰበውም ቀዳዳ ፍለጋ ነበር። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ኃይለመስቀል በመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ካርታ በክር ለክተው፣ የንግሥቲቱ መልእክተኛ የዘጠኝ ቀኑን መንገድ በሁለት ቀን እንዴት እንደጋለበው ይጠይቃሉ። ሉቅማን «ጋሽዬ፣ ባለፈው ሐምሌ መኪናዬ ከቢታ ገነት ቦንጋ ለመግባት ስድስት ቀን ፈጀበት። መንገድ በክር አይለካም» ይላቸዋል። «ታዲያ መኪናህ ከፈረስ አነሰ ማለት ነው» ይሉታል። «ያንሳል እንጂ! ፈረስ ሲቆም ተሳፋሪው ወርዶ አይገፋም» ይላል እሱ። ዘንዶው ሰባት ዓመት ተኝቶ ምን በላ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ደግሞ «እኛ ሠላሳ ቀን እንጾማለን፣ እናንተ ሃምሳ አምስት። እሱ ሰባት ዓመት ቢጾም ምን አገባን? ችግሩ ጾሙ አይደለም፣ ያፈጠረበት ነገር ነው» ብሎ በረንዳውን በሳቅ ይሞላዋል። እኔ አልስቅም ነበር፤ ግን ቤቴ ስመለስ አንዳንዱን አስታውሰው ነበር።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው ባለፈው ጥር እርስዎ ሰብሳቢ ሆነው የደረሱልን። ለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ጨዋታችንን ሥርዓት ስላስያዙልን አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ቀዳዳ» የሚለው ቃል ለመንግሥት ተቋም እንደማይመጥን አስረድተው «ክፍተት» እንድንለው አደረጉ። ቀጥሎ አራት ዓምድ ያለው ቅጽ አመጡልን፤ «የታየ ክፍተት»፣ «መፍትሔ»፣ «ፈጻሚ አካል»፣ «የጊዜ ገደብ» ይላል። መጻሕፍት የምታውሰን ህይወት በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ወጥቶላት ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነች። ከዚያም አንባቢዎች አንድ ለአምስት ተደራጅተን ክፍተት እንድንለይ ታዘዝን። ከእኔ ጋር የደረሱት አምስቱ ሰዎች እኔን ለማደራጀት ብዙ አልተቸገሩም። በሁለት ወር ውስጥ ሃያ ሦስት ክፍተት ተለየ። ከዚያ በፊት ለሦስት ዓመት ስናወራ ማንም አንዱም ቀዳዳ እንዲደፈን ፈልጎ አያውቅም ነበር፤ ቢደፈን በሚቀጥለው ቅዳሜ የምንገናኝበት ምክንያት አይኖረንም። ይህን ኋላ ቀር አስተሳሰባችንን ስላረሙልን ውለታዎን አንረሳም።

2ኛ. ለፈረሱና ለዘንዶው ስላሰቡላቸው አመሰግናለሁ። በቅጹ ላይ እንደሰፈረው፣ የመልእክተኛው ፈረስ «የመፈጸም አቅሙ እንዲጎለብት»፣ የዘንዶው አመጋገብም «ከሚመለከተው የግብርና ባለሙያ ጋር ተቀናጅቶ እንዲጠና» አቅጣጫ ተቀምጧል። ጋሽ ኃይለመስቀል የጊዜ ገደቡ ስንት እንደሆነ ሲጠይቁ «እስከ ሰኔ ሠላሳ» ብለው መለሱላቸው። ዘንዶው የሚነቃው በሐምሌ ስለሆነ በቂ ጊዜ አለን ማለት ነው።

3ኛ. ንግሥቲቱ በሌለችበት ተገምግማ፣ የበታቾቿን ባለማዳመጥ «መካከለኛ» የሚል ነጥብ ማግኘቷ ተገቢ ነው። አስተያየት ካላት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድታቀርብ መባሉም ፍትሐዊነትዎን ያሳያል። ጊዜው አልፏል፤ ያቀረበችው ነገር የለም።

4ኛ. እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ በዝምታ ሊታለፍ ይችል ነበር። እኔም አሳልፌው ነበር። ደብዳቤ ያጻፈኝ ክፍተት ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ነው።

በቅጽ ሦስት፣ ገጽ 412 ላይ አልማዊት የምትባል ሴት አለች። የድልድይ ጠባቂው የቀስቶ ሚስት ናት። አንድ ቀን ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ላይ የዘንዶውን ዱካ ታያለች። እንስራዋን ሞልታ ትመለሳለች። ባሏ ቁርሱን ይበላል፣ ጫማውን ያስራል፣ ይወጣል። እሷ ምንም አትናገርም። ቀስቶ ድልድዩ ላይ ይሞታል፣ ድልድዩ ይያዛል፣ ከተማዋ ትቃጠላለች። ደራሲው አልማዊት ለምን ዝም እንዳለች አንዲት ቃል አልጻፈም። ስለ ዘንዶው ጥፍር ሁለት ገጽ ተኩል የጻፈ ሰው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ክርክሩ ሲጀመር እንደ ድሮው መስሎኝ ነበር። ሉቅማን «የዘንዶው ሰላይ ናት፤ ወርቅ ተቀብላለች» አለ። ጋሽ ኃይለመስቀል «ወርቅ ብትቀበል ቅጽ አራት ላይ አመድ ላይ ተቀምጣ አናገኛትም ነበር። ደራሲው ረስቶት ነው፣ አበቃ። እኔም ፈተና አውጥቼ መልሱን የምረሳበት ጊዜ ነበር» አሉ። «ተማሪዎችዎ እስከ ዛሬ ያወሩታል» አላቸው ሉቅማን። ህይወት ከመዝገቡ ቀና ብላ «ፈርታ ቢሆንስ?» አለች። «ማንን? ባሏን ነው ዘንዶውን?» ብሎ ሉቅማን ሲጠይቃት «እሱንማ ባለ ትዳሮቹን ጠይቃቸው፤ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል ይላሉ» ብላ ሰዉን አሳቀችው።

እርስዎ ያን ጊዜ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አድርገው ሳቁን ካቆሙ በኋላ፣ እንደ ተለመደው በማያሻማ ቋንቋ ተናገሩ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ሴት ባሏ ወደ ሞት ሲሄድ እያየች ዝም አትልም። እንዲህ ያለች ሴት በተፈጥሮ የለችም። ህይወት፣ ክፍተት ብለሽ መዝግቢ። መፍትሔ፦ እንድትናገር ይደረግ።»

እንድትናገርም ተደረገ። ኮሚቴው እዚያው ሻይ ሰዓት ላይ የአልማዊትን ንግግር አዘጋጀ፣ በንባብ ቤቱ ኮምፒውተር ተጻፈ፣ ወረቀቱም በገጽ 412 ላይ በኮላ ተለጠፈ። በሚያዝያ ወር በዋጫ ከተማ በሚካሄደው የንባብ ዝግጅት ላይም ተማሪዎች የታረመውን ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ ተወሰነ። የንግግሩን መጀመሪያ ለአንባቢ ሳላካፍል ማለፍ ንፉግነት ይሆንብኛል፦ «ውድ ባለቤቴ ቀስቶ ሆይ፣ በዛሬው ዕለት ውኃ ለመቅዳት በወረድኩበት ወቅት በድልድዩ አካባቢ የዘንዶ እንቅስቃሴ መኖሩን ስለተገነዘብኩ፣ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር በመቀናጀት ተገቢው ጥንቃቄ እስኪደረግ ድረስ ከቤት ባትወጣ መልካም ነው እላለሁ።» ከዚህ በኋላ ሌላ ስድስት መስመር ይቀጥላል። ጫማውን አስሮ በር ላይ የቆመ ሰው ይህን ሁሉ እስኪሰማ ከቆመ፣ ያዳነው ማስጠንቀቂያው ሳይሆን ርዝመቱ ነው።

ነገሩ ለድምፅ ሲቀርብ ሉቅማን እጁን አውጥቶ «አቶ ጣሰው፣ ቀስቶ ከቤት ካልወጣ ከተማዋ አትቃጠልም። ከተማዋ ካልተቃጠለች ቅጽ አራት ላይ ያ ሁሉ ሰው ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?» ብሎ ጠየቀ። እርስዎም «ቅጽ አራት በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይታያል» ብለው መለሱ። ከዚያ «ተቃውሞ ያለው?» አሉ። ጸጥ። «ድምፀ ተአቅቦ?» አሉ። ጸጥ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ህይወት አሥራ ሰባት ብላ ጻፈች። አሥራ ሰባተኛዋ እኔ ነኝ። እጄን አላነሣሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። ዝም ያለ ሰው በስብሰባዎቻችን እንደተስማማ እንደሚቆጠር ግን አውቃለሁ፣ እያወቅሁም ተቀምጬ ነበር።

5ኛ. ይህ አቤቱታም ምስጋናም አይደለም። ተራ ቁጥር የሌለውን ነገር ኮሚቴው ስለማይመለከት ብቻ ቁጥር ሰጠሁት።

ከፈለኝ የሚባለው ባለቤቴ ንብ አናቢ ነበር። ቀፎውን የሚሰቅለው ማንኪራ ጫካ ውስጥ፣ ከረጃጅሞቹ ዛፎች ላይ ነው። የሚወጣው በቆዳ መጫኛ ተንጠልጥሎ ነበር። ሥራው በቤታችን የተከፋፈለ ነው። ቀፎውን የሚሠራውና የሚሰቅለው እሱ ነው። መጫኛውን ሞራ የምቀባው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ እየዳሰስኩ የምመረምረው፣ አይጥ እንዳይደርስበት ከፍ አድርጌ የምሰቅለው እኔ ነኝ። እሱ መጫኛውን አያየውም። ከእጄ ተቀብሎ ትከሻው ላይ ጥሎት ይሄዳል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን።

በኅዳር ወር 1986 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዘመድ ቤታችን ተሰብስቦ ነበር። ጥግ ላይ ተቀምጬ አሮጌ ጋዜጣ ሳነብ አየኝና «እዩአትማ፣ ስታነብ ከንፈሯ እንደሚያመነዥግ ፍየል ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሰው ሲስቅለት ደስ ስለሚለው ነው። እኔ አኮረፍኩ። ኩርፊያ ምን እንደሆነ ትዳር ያላችሁ ታውቃላችሁ። ቁርስ ይቀርባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቃል የለም። ቀድሞ መናገር ያለበት ጥፋተኛው ነው፤ ጥፋተኛው ደግሞ እሱ ነበር። በስምንተኛው ቀን ከከተማ አዲስ ጋዜጣ ገዝቶ መጣና መደቡ ላይ አስቀምጦልኝ ወጣ። አየሁት። በአፉ ካልተናገረ አልቆጥርለትም አልኩ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ቀፎ ሊሰቅል ተነሣ። በኩርፊያው ሰሞን መጫኛውን ወለል ላይ ጥዬው ነበር። ሳነሣው፣ ከቋጠሮው ሁለት ጣት ያህል ወረድ ብሎ አይጥ ቆዳውን በልቶት አየሁ። እሱ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ በትክክል አስታውሳለሁ። ለምን ትዘገያለሽ ብሎ ይጠይቀኝ፣ ያን ጊዜ እነግረዋለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት። አልጠየቀኝም። ሰጠሁት። ትከሻው ላይ ጥሎት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ አመጡት። ታላቅ ወንድሙ ማሙሽ የተበጠሰውን መጫኛ አገላብጦ አየና «ፀሐይ አድርቆት ነው» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ኩርፊያዬን የፈታሁት በዚያች ቃል ነው።

ጋሽ ማሙሽ ዛሬም በሕይወት አሉ። በገበያ ቀን በንባብ ቤቱ በኩል ያልፋሉ፣ ሰሌዳውን ቆመው ያነባሉ። ይህንንም ያነቡታል። ካነበቡ በኋላ የሚሉኝን ይበሉኝ፤ ቤቴ አለሁ።

ስለዚህ የተከበሩ አቶ ጣሰው፣ «በተፈጥሮ የለችም» ያሏት ሴት ይህን ሲናገሩ ከእርስዎ ሦስት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ነበር። ደራሲው ምክንያቱን ያልጻፈው ረስቶት አይመስለኝም። ምክንያቱ ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል። ከተማ በተቃጠለበት መጽሐፍ ውስጥ «ተኮራርፈው ነበር» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ አይቀበለውም፤ እናንተም ክፍተት ቁጥር ሃያ አራት ብላችሁ ትመዘግቡት ነበር። እኔም አልቀበለውም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ፈልጌለት አጥቻለሁ። ባሌን አልጠላውም ነበር። ማንም ወርቅ አልሰጠኝም። አልረሳሁትም። አልፈራሁትም። የበረንዳውን መልሶች ሁሉ አንድ በአንድ ሞክሬያቸዋለሁ፣ አንዱም አልገጠመም።

ያን ገጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን አላለቀስኩም። መጽሐፉን ዘግቼ ሁለት ሱሪ ሰፋሁ። ሰው ደስ አለሽ ወይ ቢለኝ አዎ አልልም፤ አዘንሽ ወይ ቢለኝም አዎ አልልም። አጠገቤ አንድ ሰው መጥቶ የተቀመጠ ያህል ነበር፣ ያ ብቻ ነው። ተራዬ በደረሰ ቁጥር ቅጽ ሦስትን የምዋሰው ስለ ዘንዶው አይደለም። አልማዊትን እናንተ ካናገራችኋት፣ የሚሰሙት ተማሪዎችም ሁሉ «ሰው እንዲህ ሲሆን ይናገራል» ብለው ቤታቸው ከገቡ፣ ያልተናገርኩት እኔ ብቻ ሆኜ እቀራለሁ ማለት ነው። የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንዲት ሴት ዝም እንዳለች ትቅር ነው።

ሥራዎን ለማቅለል የራሴን ክፍተት በኮሚቴው ቅጽ መሠረት ሞልቼ አቅርቤያለሁ።

የታየ ክፍተት፦ አለመናገር።
መፍትሔ፦ መናገር።
ፈጻሚ አካል፦ ዓባይነሽ።
የጊዜ ገደብ፦ ኅዳር 12 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት።

ኮሚቴው ይህን ከሰኔ ሠላሳ በፊት ካስፈጸመልኝ፣ ገጽ 412ን በፈለገው ዓይነት ወረቀት ቢለጥፈው አልቃወምም። ማስፈጸም ካልተቻለ ግን የሚከተለውን እንዲያደርጉልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ተሰርዞ «በአሥራ ስድስት ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞ» ይባልልኝ። ዋጫ ላይ ተማሪዎቹ የሚያነቡት ደራሲው የጻፈውን ገጽ ይሁን፤ ከአዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው «ለምን ዝም አለች?» ብሎ ቢጠይቅ አንባቢዎቹ መልስ እንዳይሰጡ ይነገራቸው። ይከራከሩበት። ይሳቁበትም። ጋሽ ኃይለመስቀልም ካርታውን የሚለኩበት ክራቸው ይመለስላቸው፤ ለማስረጃነት ተብሎ በንብረት ክፍል ታሽጓል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ያቀረብኩት በቃል ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ በቦታዬ እቀመጣለሁ። «ተቃውሞ ያለው?» ብለው በድጋሚ ከጠየቁ ግን እጄን እንደማነሣ ከወዲሁ እንዲያውቁልኝ እወዳለሁ፤ ወንበሩ እንዳያስደነግጥዎ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ አዳራሽና የማያልቅ አጀንዳ እየተመኘሁልዎ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚህ በፊት ባልታየ ተቃውሞ፣

አሥራ ሰባተኛዋ ድምፅ የነበረችው
ዓባይነሽ

ግልባጭ፦
ለንባብ ቤቱ ሰሌዳ
ለቅዳሜ ውይይት አባላት
ለጋሽ ማሙሽ

ማስታወሻ፦ ቅጽ ሦስትን የመዋስ ተራ ትናንት የእኔ ነበር። በገጽ 412 ላይ የለጠፋችሁትን ወረቀት በእርጥብ ጨርቅና በሞቀ ካውያ አላቅቄዋለሁ፤ ማንም አላገዘኝም፣ ህይወትም አታውቅም። ስላልተቆጠበ ኮላ ኮሚቴውን ማመስገን አለብኝ፤ ወረቀቱ ሲነሣ የደራሲውን ሁለት መስመር ይዞ ተነሣ። በቃሌ ስለማውቃቸው በእጄ ጽፌ መልሻቸዋለሁ፦ «ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ሲቋጥረው አየችው። ከወጣ በኋላ በሩን ዘጋች።» ከዚህ በታች አንድ መስመር የሚያጽፍ ባዶ ቦታ አለ። ደራሲው የተወው ነው። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር፣ የምጽፈውንም አውቅ ነበር፤ አልጻፍኩበትም። ይህን የምነግርዎት ኮሚቴው ቦታውን አይቶ ሌላ ጠርሙስ ኮላ እንዳይገዛ ነው።